ጥያቄና መልስ፦ ፍሰትንና ማግኔትን በብርሃን ማየት

በዚህ እትም ከጎጃም የደረሱን ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ አብረን አቀረብናቸው። ሁሉም የቬክተር መስክን በዓይን ለማየት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። የቬክተር መስክ ማለት በየነጥቡ መጠንም አቅጣጫም ያለው ነገር ነው። የቦይ ውኃ በእያንዳንዱ ቦታ የራሱ ፍጥነትና አቅጣጫ አለው፤ በማግኔት ዙሪያ ያለውም እንዲሁ ነው። ወደ መልሶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንበል። ብርሃን ቀስቱን ሙሉውን አያሳይም። እያንዳንዱ ዘዴ ከቀስቱ አንዱን ወገን ያሳይና ሌላውን ይሰውራል። ሙከራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዕቃ ጉድለት ሳይሆን የተሰወረው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ሥዕሉ ስለሚነበብ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት ወረቀት ሥር አስቀምጬ የብረት ብናኝ ስነሰንስበት ተማሪዎቼ «በመስመሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ማግኔት የለበትም ወይ? ቀስቱስ ወዴት ነው?» ይሉኛል። ብናኙም እየተጓጎለ አስቸግሮኛል። ከበያጅ ቤት ያመጣሁት ነው።

መልስ፦ ከብናኙ እንጀምር፤ ችግሩ ግማሹ እዚያ ነው። በያጅ ቤት ወለል ላይ የሚገኘው አብዛኛው የግራይንደር ብናኝ ነው። ብረቱ በብልጭታ መልክ ሲወጣ ቀልጦ ይረጋና ድቡልቡል ይሆናል፤ ከድንጋዩ ዱቄትም ጋር ይቀላቀላል። ድቡልቡል ነገር አቅጣጫ አያሳይም። የሚፈልጉት ረዘም ያለ ስንጣሪ ነው። ተራ ብረት በጉጠት አስረው በሻካራ ሞረድ ቢሞርዱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ይወጣል። የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦ በመቀስ 2 ሚሊ ሜትር አድርጎ መቆራረጥም ይሆናል፤ ግን አስቀድመው በማግኔት ይሞክሩት፤ ከማይዝጉት ሽቦዎች የማይሳቡ አሉ። መጓጎሉን የሚያመጣው ዘይት ነው። ብናኙን በአልኮል አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። በውኃ ከታጠበ በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

ማግኔቱን ወረቀቱ ላይ አያስጠጉት። ካርቶኑን በመጻሕፍት ደግፈው በማግኔቱና በካርቶኑ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፤ አለበለዚያ ብናኙ ሁሉ ጠርዙ ላይ ይከመራል። ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በሻይ ማጥለያ ስስ አድርገው ይነስንሱና ካርቶኑን በእርሳስ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብለው ይምቱት። እያንዳንዱ ምት ቅንጣቷን ለቅጽበት ከካርቶኑ ስለሚያነሣት ሰበቃው ይለቃትና ትዞራለች። ከዚያ የክፍሉን መብራት አጥፍተው አንድ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩ። ብርሃኑ ካርቶኑን እየዳሰሰ ሲያልፍ የእያንዳንዱ ሰንሰለት ጥላ ጎልቶ ይወጣል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ያለ ተማሪም ያየዋል።

ሌላም ነገር አለ። የድምፅ ማጉያ ቀለበት ዋልታዎቹ በሁለቱ ጠፍጣፋ ገጾቹ ላይ ናቸው። ጠፍጥፈው ካስተኙት ካርቶኑ ላይ የሚታየው ከመሐል ወደ ውጭ የተበተነ ጨረር ብቻ ነው፤ ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚዞረውን ቅስት ለማየት ቀለበቱን በጠርዙ ያቁሙት።

አሁን ወደ ባዶው ቦታ። መስኩ በሰንሰለቶቹ መካከልም አለ። መስመር የሚሠራው ብናኙ ራሱ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት መስኩ ውስጥ ስትገባ ትንሽ ማግኔት ትሆናለች። ጫፍ ለጫፍ የገጠሙት ይሳሳባሉ፤ ጎን ለጎን ያሉት ይገፋፋሉ። ስለዚህ ሰንሰለት ይሠራሉ፣ በመካከልም ክፍተት ይተዋሉ። ካርቶኑን ጠርገው ደግመው ይነስንሱ፤ ሰንሰለቶቹ ሌላ ቦታ ያርፋሉ፣ ቅርጹ ግን ያው ይሆናል። ሁለቱን ፎቶዎች አንሥተው ጎን ለጎን ማሳየት ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል። የብናኙ መብዛትም የመስኩን ብርታት አይለካም፤ ብናኝ መስኩ በፍጥነት ወደሚጠነክርበት ጠርዝ ይሳባልና።

ቀስቱን በተመለከተ፣ የብረት ቅንጣት ራስና ጅራት የላትም። ዋልታዎቹን ብትገለብጡት ያው ሥዕል ይወጣል። ራሱን ከጅራቱ የሚለየው ኮምፓስ ነው። ትንሽ ኮምፓስ ካርቶኑ ላይ አኑረው በመርፌዋ ሁለት ጫፎች ነጥብ ያድርጉ፤ ከዚያ የኋላው ጫፍ የፊተኛው ነጥብ ላይ እስኪያርፍ አራምደው ይቀጥሉ። ሰሜን የሚያመለክተው ጫፍ የሄደበት ነው የቀስቱ ራስ። ጠንካራ ማግኔት ግን የመርፌዋን ዋልታ ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ወደ ማግኔቱ አያቅርቡት፤ በፊትም በኋላም ሰሜንን በትክክል ማሳየቷን ያረጋግጡ። እዚህ ላይ የእኛ አገር ልዩ ነገር አለ። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ስለሚያልፍ ጎጃም ውስጥ የምድር መስክ ወደ አግድም የቀረበ ነው፤ ብርታቱም 36 ማይክሮቴስላ አካባቢ ነው (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ብርታት መለኪያ ነው)። ለአውሮፓ ተብሎ የተመዘነ ኮምፓስ እዚህ ሲመጣ ደቡባዊ ጫፉ ይዘቀዝቅና መስታወቱን ይነካል። የተበላሸ እንዳይመስልዎ።

ጥያቄ፦ ሞጣ ነኝ። በቀጥ ያለ ሽቦ ዙሪያ ክብ መስመር ይታያል ሲባል በባትሪ ድንጋይ ሞክሬ ብናኙ ጨርሶ አልተነቃነቀም።

መልስ፦ አይነቃነቅም። 5 አምፔር የሚያልፍበት ሽቦ በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚሰጠው 50 ማይክሮቴስላ ነው። የዴንማርኩ ሊቅ ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 እንዳየው ኮምፓስን ለማዞር ይህ ይበቃል፤ ብናኝን ግን ከሰበቃው ለማላቀቅ ሚሊቴስላ ያስፈልጋል። መፍትሔው አንዱን ሽቦ ማብዛት ነው። ሞተር የሚጠቀለልበትን 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት ማዕቀፍ ላይ 20 ጊዜ ይጠቅልሉና አንዱ ጎን በካርቶኑ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ያድርጉ። ለዚህ 16 ሜትር ሽቦ ይበቃል። ከ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር ሲያገናኙ 60 ዋት የመኪና ፊት መብራት አምፖል በመካከሉ ያስገቡ። አምፖሉ ፍሰቱን ወደ 4.5 አምፔር ይገድበዋል፤ ያለ እሱ ሽቦው ይጋልና ባትሪው ይጎዳል። 15 አምፔር ፊውዝም ይጨምሩ። በ1 ሴንቲ ሜትር ላይ 1.8 ሚሊቴስላ ያገኛሉ። አብርተው፣ ካርቶኑን መትተው፣ ክቡ እንደታየ ያጥፉ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምህንድስና ተማሪ ነኝ። በእርሳስ ዙሪያ ውኃ እንዴት እንደሚፈስ በሌዘር ጠቋሚና በስልክ ካሜራ ለመቅረጽ ሞከርኩ። ውኃው ላይ ወተት ጠብ አድርጌ ነበር፤ የወጣው ጭጋግ ብቻ ነው።

መልስ፦ ወተቱ ነው ያስቸገረዎት። በወተት ውስጥ ያሉት የስብ ጠብታዎች ጥቂት ማይክሮሜትር ናቸው፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንጸባረቀ ይበተናል፤ ካሜራውም አንዷን ቅንጣት ለይቶ መከተል አይችልም። ወተት ቀለም አድርጎ አንድ ክር ለመሳል ይጠቅማል፤ ለመለካት አይሆንም።

የበቆሎ ስታርች ይሻላል። አንድ ቁንጥር በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው በነጠላ ቁራጭ ያጥልሉት፤ ሁለት ደቂቃ ያስቀምጡትና ላይ ላዩን ብቻ ወደ ገንዳው ይጨምሩ። ትልልቁ ጓል ከሥር ይቀራል። የስታርች ቅንጣት ከውኃ ከባድ ቢሆንም 15 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነች የምትሰምጠው በሰከንድ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ውኃው በሰከንድ 2 ሴንቲ ሜትር ከሄደ ይህ ቸል የሚባል ነው። ልኩ በዝቶ እንደሆነ ለማወቅ ከገንዳው ጀርባ ጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ጽሑፉ ከደበዘዘ በዝቷል።

ገንዳው ጠፍጣፋ ግድግዳ ይኑረው። ክብ ብርጭቆ ውኃ ሲሞላ ሌንስ ይሆንና ምስሉን ያጣምመዋል። መስታወት ቤት 4 ሚሊ ሜትር መስታወት አስቆርጠው 30 በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር ገንዳ በሲሊኮን ያጣብቁ። ጠርዞቹን አስቀድመው በአልኮል ካልጠረጉ ማዕዘኑ ላይ ያፈስሳል። ውኃ ከመሙላትዎ በፊት 24 ሰዓት ይጠብቁ። ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያንጥፉ።

የሌዘሩን ነጥብ ወደ ስስ ንጣፍ የሚዘረጋው ሲሊንደር ነው። የቤተ ሙከራ የመስታወት ዘንግ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ውኃ የተሞላ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ይሠራል። ዘንጉን ቀጥ አድርገው ከገንዳው ጎን ያቁሙና ሌዘሩን በአግድም ያሳልፉበት፤ ብርሃኑ በገንዳው ወገብ ላይ እንደ ጠረጴዛ ገጽ ይዘረጋል። ካሜራው ከላይ ቁልቁል ያያል። ሌዘሩ ከ5 ሚሊዋት እንዳይበልጥ አደራ። ገበያ ላይ ያሉ አረንጓዴ ጠቋሚዎች ብዙ ጊዜ ከተጻፈባቸው በላይ ናቸው፤ መስታወቱም ይመልሳቸዋል። ንጣፉ ከተቀመጠ ሰው ዓይን በታች ይሁን፤ ማንም ጎንበስ ብሎ በገንዳው ደረጃ እንዳያይ።

7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን እርሳስ ቀጥ አድርገው በሰከንድ 2 ሴንቲ ሜትር ይሳቡት። ፍሰቱ የረጋ ወይም የሚታወክ መሆኑን የሚያመለክተው ሬይኖልድስ ቁጥር 140 ይሆናል፤ ስለዚህ ከኋላው አዙሪቶች በግራና በቀኝ እየተፈራረቁ ይወጣሉ፤ በየ2 ሰከንዱ ገደማ አንድ ጥንድ። ከላይ ሲቀረጽ የውኃው ገጽ ምስሉን ያወዛውዛል ብለው አይስጉ፤ በሰከንድ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች የሚሄድ ነገር ከኋላው የሚከተለው የውኃ ሞገድ አያነሣም። ፈጥነው ከሳቡት ግን ገጹ ይጨማደድና ምስሉ ሁሉ ይሰባበራል።

ከመቅረጽዎ በፊት ማስመሪያ ውኃው ውስጥ፣ በንጣፉ ልክ አስቀምጠው አንድ ፎቶ ያንሡ። ከላይ ሲታይ ውኃ ጥልቀትን ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚያሳጥር ከውጭ የተቀመጠ ማስመሪያ የተሳሳተ ልኬት ይሰጣል። የስልኩን ትኩረትና የብርሃን ልክ ስክሪኑን ተጭነው በመያዝ ይቆልፉ። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት የምስሉን 1920 ነጥብ (ፒክሰል) ከሞላ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀረጽ ቅንጣቷ በአንድ ፍሬም ወደ 13 ነጥብ ትጓዛለች። ስሌቱን የቅንጣቶችን ጉዞ ከፍሬም ፍሬም በሚያሰላው ኦፕንፒአይቪ በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሠሩ የመፈለጊያውን መስኮት 64 ነጥብ ያድርጉ፤ ቅንጣቷ ከመስኮቱ ሩብ በላይ ከዘለለች ፕሮግራሙ ሌላዋን ቅንጣት እሷ ናት ብሎ ይይዝና በዘፈቀደ የተበተኑ ቀስቶች ይወጣሉ። በአንድ መስኮት ከ5 እስከ 10 ቅንጣት ይኑር።

ኮምፒውተር ከሌለ የካሜራው ዓይን ለግማሽ ሰከንድ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አድርገው አንድ ፎቶ ያንሡ። እያንዳንዷ ቅንጣት ጭረት ትሆናለች፤ የጭረቱ ርዝመት ፍጥነቱ ነው። እዚህም ራስና ጅራቱ ይጠፋል፤ እንደ ብረት ብናኙ መሆኑ ነው። የሚመለሰው እንዲህ ነው፦ ፎቶው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ሌዘሩን በካርቶን ለቅጽበት ጋርደው ይልቀቁት። ጭረቱ ረጅም መስመር፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ አጭር ነጥብ ይሆናል። ነጥቡ ያለበት ራሱ ነው።

የተሰወረው ሦስተኛው ወገን ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው። ይህን ለመያዝ በቀስቶቹ ላይ አንድ ካሬ ይሳሉና በአራቱ ጎኖች የሚገባውንና የሚወጣውን ይደምሩ። ውኃ ስለማይጨመቅ ድምሩ ዜሮ መሆን አለበት። ካልሆነ ውኃው ከንጣፉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየወጣ ነው፤ ወይም እርሳሱ ዘምሟል። መግነጢሳዊ መስክም ይህንኑ ሕግ ይጠብቃል፤ በየትኛውም የተዘጋ ገጽ የሚገባው ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። የሚለያዩት በመሽከርከር ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቦታ የማይለወጥ መግነጢሳዊ መስክ ሽክርክሪት የለውም፤ ውኃ ግን በእርሳሱ ገጽ ላይ በሰበቃ ሽክርክሪት ያነሣና ይዞት ይሄዳል።

መለካት ቀርቶ ማየት ብቻ ከሆነ ፍላጎትዎ፣ የሚያብረቀርቅ ሻምፖ ይፈልጉ፤ ጀርባው ላይ ግላይኮል ዲስቴሬት የሚል ይኑረው። አንዱን እጅ በአሥር እጅ ውኃ ሳያርገፈግፉ ያቅጥኑና አረፋውን ይግፈፉ። በውስጡ ያሉት ስስ ቅርፊቶች አንዱ የውኃ ንብርብር በሌላው ላይ ሲንሸራተት ይዞራሉ፤ ገጻቸውን ሲሰጡ ያበራሉ፣ ጠርዛቸውን ሲሰጡ ይጨልማሉ። እጅግ ያማረ ነው፤ የሚነግርዎ ግን የቅርፊቱን አዟዟር እንጂ ፍጥነትን አይደለም። አረንጓዴው የማግኔት ማሳያ ፕላስቲክም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። በውስጡ ያሉት የኒኬል ቅርፊቶች መስኩ ከገጹ ጋር ሲተኛ ያበራሉ፤ ወደ ገጹ ቀጥ ብሎ ሲገባ ይጨልማሉ።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም። ጠዋት ፀሐይ በበር ሲገባ ከከሰሉ ምድጃ በላይ ግድግዳው ላይ ጥላ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። የማየው የአየሩን ፍሰት ነው?

መልስ፦ የሚያዩት የአየሩን እፍጋት ልዩነት ነው። የሞቀ አየር ሳሳ ስለሚል ብርሃንን ያነሰ ይሰብራል፤ ጨረሩ ጥቂት ዘንበል ይልና ግድግዳው ላይ አንዱ ቦታ ይደምቃል፣ ሌላው ይጠቁራል። ሙቀት በሌለበት ፍሰት ቢኖርም ጥላ የለም። በሰከንድ አንድ ሜትር የሚነፍስ ነገር ግን አንድ ዓይነት ሙቀት ያለው አየር ለዚህ ዘዴ ጨርሶ አይታይም።

የፀሐይ ጥላ ደብዛዛ የሚሆነው ፀሐይ ግማሽ ዲግሪ ስፋት ስላላት ነው። ግድግዳው 1 ሜትር ሲርቅ እያንዳንዱ ጠርዝ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። ጥርት ያለ ጥላ ከፈለጉ አንጸባራቂው የወለቀ ባለ አንድ አምፖል የእጅ ባትሪ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከሻማ 1.5 ሜትር፣ ግድግዳውን ከሻማው ሌላ 1.5 ሜትር ያድርጉ። በሻማ እንጂ በከሰል አይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል ይገድላል። ከነበልባሉ በላይ አየሩ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ዘንግ ሆኖ ሲወጣ፣ ከፍ ሲል ሲወላገድና ሲበታተን ይታያል።

ይበልጥ ጎልቶ እንዲታይ ወደ ውኃ ይሂዱ። ጠፍጣፋ ግድግዳ ባለው ዕቃ ውስጥ አንድ ጉብ ስኳር በክር አስረው የውኃው ገጽ ላይ ያንጠልጥሉ። አንድ በመቶ ስኳር የውኃውን የስብረት ቁጥር (ብርሃንን የመስበር አቅሙን) በ0.0014 ከፍ ያደርገዋል፤ በመቶ ዲግሪ የሞቀ አየር ከሚያመጣው ለውጥ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ከጉቡ ሥር ቀጫጭን ክሮች ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከታች ሲጠመዘዙ በግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቶፕለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈጠረው ዘዴ በዚህ ላይ ምላጭ ይጨምራል። በጎድጓዳ መስታወት የተሰበሰበውን ብርሃን ልክ በመሰብሰቢያው ነጥብ ላይ ምላጭ ግማሹን ይጋርደዋል። ምላጩ ቀጥ ብሎ ከቆመ የግራና ቀኝ ለውጥ ብቻ ይታያል፤ ሲተኛ የላይና ታች። ሁለቱን ፎቶዎች አብረው ካልያዙ ቬክተሩ ግማሽ ነው።

ጥያቄ፦ ዳንግላ። ፋራዴይ ማግኔት ብርሃንን ያዞራል ብሏል። በሁለት የፖላራይዝድ መነጽር በማግኔት አጠገብ ብሞክር ምንም የለም።

መልስ፦ የሚዞረው የብርሃኑ መንገድ ሳይሆን ብርሃኑ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ነው፤ ፖላራይዝድ መነጽር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ስለሚያሳልፍ መዞሩን ያሳያል። እንግሊዛዊው ሊቅ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1845 ያየው በከባድ መስታወትና በጠንካራ ኤሌክትሮማግኔት ነው። በውኃ 0.1 ቴስላ በ10 ሴንቲ ሜትር መንገድ ላይ ብርሃኑን የሚያዞረው 2.2 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ያውም መስኩ በብርሃኑ መንገድ ላይ ሲተኛ። በጎን ካስጠጉት ዜሮ ነው። መነጽሮቹን ሙሉ በሙሉ አጨልመው ከጠበቁ የሚጨምረው ብርሃን 0.15 በመቶ ነው፤ ርካሽ መነጽር ከዚህ በላይ ያሾልካል። በ45 ዲግሪ ያቁሟቸው፤ ያኔ ያው መዞር ብርሃኑን በ7.6 በመቶ ይለውጠዋል፤ ይህን የስልክ ብርሃን መለኪያ ይይዘዋል። ችግሩ ይህን መስክ የሚሰጠው የሽቦ ጥቅል ላይ ነው፤ በ5 አምፔር 1,600 ዙር ይጠይቃል፤ በደቂቃ ውስጥም ይግላል።

ጥያቄ፦ መራዊ ነኝ፤ በመስኖ ቦይ ላይ እሠራለሁ። የውኃውን መጠን በስልክ ቪዲዮ መለካት ይቻላል? ገለባ ጥዬ ነበር፤ ነፋሱ ወደ ዳር ገፋብኝ።

መልስ፦ ይቻላል። ገለባ ይተውና የብርቱካን ልጣጭ ይጣሉ፤ አብዛኛው ውኃው ውስጥ ሰምጦ ስለሚሄድ ነፋስ አይይዘውም፤ ቀለሙም በካሜራ ይለያል። በሁለቱም ዳር በ5 ሜትር ርቀት ችካል ይትከሉ። ካሜራውን በዓይን ግምት አይመኑት፤ ከዳር ሲቀረጽ ሩቁ አጥሮ ስለሚታይ ልጣጩ ከችካል ችካል ያለፈበትን ጊዜ ብቻ ይቁጠሩ። የሰማይ ነጸብራቅ ካስቸገረ የፖላራይዝድ መነጽር በካሜራው ፊት ይያዙና ያዙሩት፤ ከቀጥታ ቁልቁለት 53 ዲግሪ ዘንበል ብለው ሲያዩ ነጸብራቁ ሊጠፋ ይቀርባል።

ለምሳሌ ልጣጩ 5 ሜትሩን በ8 ሰከንድ ቢያልፍ የላዩ ፍጥነት በሰከንድ 0.62 ሜትር ነው። ከሥርና ከዳር ያለው ስለሚዘገይ በ0.85 ያባዙት፤ 0.53 ይሆናል። ቦዩ 1.2 ሜትር ስፋትና 0.4 ሜትር የውኃ ጥልቀት ካለው በሰከንድ ወደ 255 ሊትር ይወጣል። በመሐል፣ በግራና በቀኝ አምስት አምስት ልጣጭ ጥለው አማካዩን ይውሰዱ።

ልጣጮቹ ከሁለቱም ዳር ወደ አንድ መስመር እየተሰበሰቡ ከሄዱ ልብ ይበሉ፤ ውኃው በዚያ መስመር ላይ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ከላይ የሚያይ ካሜራም አያየውም። ያኔ 0.85 አይሠራም። ከቦዩ መታጠፊያና ከበሩ ርቆ ከስፋቱ ቢያንስ አሥር እጥፍ ያህል ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቦታ ይምረጡና እዚያ ይለኩ።